ምሳ ሰዓት ላይ አትደውሉልኝ

ከአገር ቤት የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ አንድ ጥያቄ አለው፤ «እውነት ስፔኖች ከምሳ በኋላ ይተኛሉ?» ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ቫሌንሲያ አራት ዓመት ስኖር ከምሳ በኋላ የሚተኛ የሥራ ባልደረባ አላየሁም። ሲዬስታ የምትባለው እንቅልፍ በአብዛኛው ለጡረተኞች፣ ለሕፃናትና ለዓመት ፈቃድ የተተወች ናት። ስፔኖች ከምሳ በኋላ የሚያደርጉት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ላይ እደርሳለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ምሳው ሰዓት እንነጋገር፤ እዚህ አገር አዲስ የመጣ ሐበሻ ሁሉ ቀድሞ የሚቸገረው በሱ ነውና።

ግራ እንዳትጋቡ ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ጠዋት ቡና በወተትና አንድ ሁለት ብስኩት ይቀመሳል። ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ቫሌንሲያዎች ክንድ የሚያህል ዳቦ በእንቁላል ወይም በሥጋ አስሞልተው፣ ከወይራ ፍሬና ከኦቾሎኒ ጋር ይበላሉ። እኔ ይህንን ምሳ ነበር የምለው፤ እነሱ ግን ምሳን ገና አላሰቡትም። ምሳ ከ8 ሰዓት በፊት የለም። ልጆች 11 ሰዓት ላይ መክሰሳቸውን ይበላሉ። እራት ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ በሞቃቱ ወራት 4 ሰዓትም ይሆናል። ምግብ ቤት ሄዳችሁ 1 ሰዓት ላይ እራት ብትጠይቁ፣ አስተናጋጁ ቱሪስት መሆናችሁን በአዘኔታ ይረዳላችኋል።

የቀደመው ሰዓቱ ነው

የምሠራው ከቫሌንሲያ በስተሰሜን ባለችው በካስቴዮን ነው። የስፔን ሴራሚክ በብዛት የሚመረተው እዚያ አካባቢ ነው፤ እኔም በአንድ የሴራሚክ ድርጅት ማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ «ሕልም» ነው እያልኩ ለዓለም አስተዋውቃለሁ። ምድርን ምሥራቅና ምዕራብ ብሎ የሚከፍለው፣ በለንደኗ ግሪንዊች የሚያልፈው መስመር በካስቴዮንም በኩል ያልፋል። ስለዚህ በፀሐይ አካሄድ ከሆነ የእኛ ሰዓትና የለንደን ሰዓት አንድ መሆን ነበረበት።

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940 የጄኔራል ፍራንኮ መንግሥት የአገሪቱን ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፋውና ከበርሊን ጋር አንድ አደረገው። ጦርነቱ አለቀ፣ ፍራንኮም እ.ኤ.አ. በ1975 ሞቱ፤ ሰዓቱ ግን እንደተገፋ ቀረ። በሞቃቱ ወራት ደግሞ እንደ ቀረው አውሮፓ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመርበታል። በዚህ የተነሳ በሐምሌ ወር ፀሐይ አናታችን ላይ የምትደርሰው የግድግዳው ሰዓት 8 ሲል ነው። እኛ ሐበሾች በፀሐይ ስንቆጥር ይህንን 6 ሰዓት እንለዋለን፤ የምሳ ሰዓት ማለት ነው! አያችሁ? ስፔኖች በበጋው ልክ በሰዓቱ ነው የሚበሉት። ሆዳቸው ፀሐይን ሲከተል የግድግዳው ሰዓት ብቻውን በርሊን ቀርቷል።

እማዬ እ.ኤ.አ. በ2025 የካቲት መጨረሻ ላይ ልትጠይቀን ስትመጣ ይህንን ሁሉ ታሪክ ላስረዳት አላስፈለገኝም። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። እሷ በጾም እህል የምትቀምሰው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው። በመጣች በሦስተኛው ቀን በመስኮት ወደ ታች እያየች፣ ምግብ ቤቶቹ በ8 ሰዓት ተኩል ገና መሙላት ሲጀምሩ፣ «እነዚህ ሰዎች ሁሉም ይጾማሉ እንዴ?» አለችኝ።

እንደማይጾሙ ያወቀችው ውጭ ስንበላ ነው። አስተናጋጁን «ሥጋ የሌለበት ምን አለ?» ብለን ጠየቅን። «ሞልቷል!» ብሎ ሰላጣ አመጣ፤ ላዩ ላይ ቱና ዓሣ ተነስንሷል። ዓሣም እንደማንፈልግ ነገርነው። ባቄላ አመጣ፤ ውስጡ የአሳማ ሥጋ ተቆራርጦ ገብቷል። «ይኸ ሥጋ አይደለም እንዴ?» ስለው በጣም ተገርሞ፣ «ሐሞን እኮ ነው! ለጣዕም ብቻ!» አለኝ። በስፔን ሥጋ ማለት በቢላዋ የሚቆረጥ ትልቅ ነገር ነው፤ ሐሞን ከቅመም ነው የሚቆጠረው። እማዬ ቀሪውን ጾም ከቤቷ ሽሮ አልወጣችም።

የዘጋው ሱቅ

እኔ የተማርኩት ቢዝነስ ነው፤ ስለዚህ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ሱቆቹ ላይ ነው። በሰፈራችን ያሉት ትናንሽ ሱቆች 8 ሰዓት ላይ መዝጊያቸውን ጎትተው ያወርዱና 11 ሰዓት ላይ ይከፍታሉ። አስቡት እንግዲህ፤ ሠራተኛው ከቢሮ ወጥቶ እግሩን በሚያፍታታበት ሰዓት ሱቁ ዝግ ነው። ፈተና ላይ «ደንበኛ ነፃ በሚሆንበት ሰዓት ዝጋ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ዜሮ ነው የሚያገኘው። እሑድ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት፣ ከዳቦ ቤትና ከቡና ቤት በቀር አብዛኛው ዝግ ነው። ነሐሴ ሲመጣ «ለዕረፍት ሄደናል» የሚል ወረቀት በየበሩ ይለጠፋል፤ ያ ወረቀት ሲለጠፍ የተሰበረ ነገር ሁሉ እስከ መስከረም ይታገሣል።

አንድ ቀን የሰፈራችንን የቁልፍና የብረታ ብረት ሱቅ ባለቤት፣ «በምሳ ሰዓት ብትከፍቱ ገቢያችሁ ይጨምር ነበር» አልኳቸው። ሰውየው በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «በዚያ ሰዓት ማን ይመጣል? ሁሉም ምሳ ላይ ነው» አሉኝ። «ሱቁ ክፍት ከሆነ ይመጣሉ» አልኩ። «አዎ» አሉ፣ «ከዚያ እነሱም ምሳ አይበሉም፣ እኔም አልበላም። ታዲያ ምን አተረፍን?»

ለዚህ የሚሆን ቀመር ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም።

ነገሩ በሕግ ወረቀት ላይ አልተጻፈም። ግን ሁሉም ስለሚያከብረው ከሕግ ይበልጣል። ስፔኖች ለቀጠሮ እንደሚዘገዩ ሰምታችሁ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ከ15 ደቂቃ በታች መዘግየት እንደ መዘግየት አይቆጠርም። ለጋራ ሰዓት ግን አይዘገዩም። በመጋቢት ወር ለፋያስ በዓል ከ1ኛው እስከ 19ኛው ቀን በየዕለቱ በከተማው አደባባይ ርችት ይተኮሳል። ለዓይን ሳይሆን ለጆሮ የሚተኮስ፣ ደረት የሚያንቀጠቅጥ የባሩድ ድምፅ ነው። የሚጀምረው ልክ 8 ሰዓት ሲሞላ ነው፤ ደቂቃዎች ይቆይና ሕዝቡ ሁሉ በቀጥታ ወደ ምሳው ይሄዳል።

እማዬ ያንን ድምፅ መጀመሪያ ስትሰማ ልጄን ብድግ አድርጋ መስኮት ወደሌለው ኮሪደር ገባች። ለምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስፔናዊት ጎረቤታችንም ሲነገራቸው ወዲያው ገባቸው። በማግስቱ 8 ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው በራችንን አንኳኩተው ገቡና፣ ከእማዬ አጠገብ ተቀምጠው እጇን ያዙ። እስከ በዓሉ መጨረሻ ድረስ በየቀኑ መጡ። ርችቱ ሲያልቅ ሰዓታቸውን አይተው «ምሳ!» ይላሉና ወደ ቤታቸው ይወጣሉ።

ያያ

እኚህ ጎረቤታችን 72 ዓመታቸው ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ልጃቸው ማድሪድ ነው። የእማዬና የእሳቸው ወዳጅነት ግን በአለመግባባት ነበር የጀመረው። የአምስት ዓመቷ ልጄ ጎረቤታችንን በስማቸው ትጠራቸዋለች፤ «አንቺ» ትላቸዋለች። እዚህ የተለመደ ነው። ስፔንኛም እንደ እኛ የአክብሮት «እርስዎ» አለው፤ አሁን አሁን ግን ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። ልጆች አስተማሪያቸውን እንኳ በስሙ ነው የሚጠሩት። ጎረቤታችንን «እርስዎ» ብላቸው «አስረጀሽኝ!» ብለው ይቆጣሉ።

እማዬ ግን፣ «እናትየውን የምታክል ሴት በስሟ ስትጠራ እያየሁ ዝም አልልም» አለች። ሁለት ቀን ሙሉ በቤታችን ውስጥ ቀዝቃዛ ጦርነት ሆነ። ያስታረቀን የቫሌንሲያ ቋንቋ ነው። በቫሌንሲያኛ አያትን «ያያ» ይሏቸዋል። ልጄ «ያያ» ብላ ስትጠራቸው ጎረቤታችን ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የራሳቸው የልጅ ልጅ የላቸውም። እማዬም ረካች። አሁን ልጄ ሁለት አያቶች አሏት፤ አንዷን በአማርኛ፣ አንዷን በቫሌንሲያኛ ትጨቀጭቃቸዋለች።

እሑድ እሑድ ያያ ለምሳ ይጠሩናል። እንግዲህ ቃል የገባሁላችሁ ነገር እዚህ ጋ ነው። ምግቡ አልቆ፣ ሳህኑ ተነሥቶ፣ ሰው ግን ከገበታ አይነሣም። ይህ ጊዜ የራሱ ስም አለው፤ «ሶብሬሜሳ» ይባላል። ቃል በቃል ከገበታው በላይ እንደማለት ነው፤ ትርጉሙ ከምግብ በኋላ ተቀምጦ ማውራት ነው። አንድ ሰዓት ይሄዳል፤ እሑድ ከሆነ ሦስት ሰዓትም ይሄዳል። ምግብ ቤት ውስጥም አስተናጋጁ ሳትጠይቁት ሒሳብ አያመጣም፤ ማምጣት ማባረር ነው።

የሚወራው ትልቅ ነገር አይደለም። የቤት ኪራይ፣ ኳስ፣ የጎረቤት ፍቺ። ተራው እኔ ላይ ሲደርስ ወሬው ሩጫ ይሆናል። ቫሌንሲያ ራሷን «የሩጫ ከተማ» ብላ ነው ለዓለም የምታስተዋውቀው፤ ለዚህ ስም ደግሞ የእኛ ልጆች ብዙ ደክመዋል። ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2020 የ5000 ሜትር፣ በ2021 ደግሞ የግማሽ ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው እዚሁ ነው። ሲሳይ ለማም እ.ኤ.አ. በ2023 ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ አሸንፏል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊት መሆኔን የሰማ ሁሉ 10 ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ እንደምገባ ይጠይቀኛል። ባቡር ካላመለጠኝ በቀር እንደማልሮጥ ስነግራቸው ትሕትና ይመስላቸዋል።

ከዚያ ቡና ይመጣል። እዚህ ላይ ስፔኖችን ለመከላከል አቅም የለኝም። አንዳንዱ ቡናቸው ሲቆላ ስኳር ይጨመርበታል፤ ስኳሩ አብሮ ያርና ጥቁርና መራራ ያደርገዋል። እማዬ ያያ ቤት ያንን የቀመሰች ቀን ፊቷን ሳትቀይር ዋጠችው፤ በሚቀጥለው እሑድ ግን ጀበናዋን በጨርቅ ጠቅልላ አራተኛ ፎቅ ወጣች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ያያ ሦስተኛው ስኒ ሲመጣላቸው፣ «አሃ፣ እናንተም ሶብሬሜሳ አላችሁ!» አሉ።

አለን። ነበረን ልበል ይሆን?

መብራት የሄደ ዕለት

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 2025 ሰኞ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል፣ በስፔንና በፖርቱጋል በአንድ ጊዜ መብራት ጠፋ። ባቡሮች መንገድ ላይ ቆሙ፤ ስልክም ሥራ አቆመ። እኔ ፈቃድ ወስጄ ቤት ነበርኩ። ሰዎች ወደ ደረጃው ወጥተው እርስ በርስ ይተያያሉ። እማዬ ብቻ ቀና ሳትል፣ «መብራት ሄደ» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

በስፔን ኑሮዬ በአንድ ነገር ባለሙያ የሆንኩት ያን ቀን ነው። ማቀዝቀዣው እንዳይከፈት፣ ውኃ በባልዲ እንዲቀዳ፣ ሻማ ከመጋረጃ እንዲርቅ ለሕንፃው ሁሉ መመሪያ ሰጠሁ። የሁሉም ምድጃ ኤሌክትሪክ ነው፤ እኛ ግን ለቡና ማፍያ የገዛናት ትንሽ የጋዝ ምድጃ አለችን። ያያ ድሮ የገዟትን በባትሪ የምትሠራ ሬዲዮ ይዘው አራት ፎቅ በእግራቸው ወረዱ። ሬዲዮ የእሳቸው፣ ቡና የእኛ ሆነና ሕንፃው በር ላይ ወንበር ዘረጋን። በአራት ዓመት ውስጥ ሊፍት ላይ «ደህና ዋሉ» ብቻ የተባባልኳቸውን ሰዎች ሥራና የልጆቻቸውን ስም ያን ቀን አወቅኩ።

ግን ስሙኝ፤ 8 ሰዓት ሲሆን መንገዱ ጭር አለ። መብራት የለም፣ የሚሞቅ ምግብ የለም፣ አገሩ ምን እንደደረሰበት የሚያውቅ የለም። ሰዉ ግን ቀዝቃዛውን ዳቦውን ሊበላ ቤቱ ገባ። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ወንበሩ ላይ ተመለሰ። የግድግዳው ሰዓት ሁሉ በቆመበት ቀን ምሳ ሰዓት አልቆመም።

ያያ ግን ምሳ አልበሉም። ልጃቸው ያን ቀን ከማድሪድ በባቡር ይመጣ ነበር፤ የት እንደቆመ አይታወቅም። እማዬ አልጠየቀቻቸውም፤ ሳህን አቅርባ አጠገባቸው ተቀመጠችና እሷም ሳትበላ ቆየች። በመጨረሻ ያያ፣ እሷ እንድትበላ ሲሉ፣ አንድ ጉርሻ ቀመሱ። ልጃቸው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደረሰ። እስከዚያ ድረስ ሁለቱ ሴቶች አንድ የጋራ ቃል ሳይኖራቸው ሰባት ስምንት ሰዓት ሙሉ አወሩ። ምን እንዳወሩ ሁለቱም በደንብ ያውቃሉ።

ሒሳቡ

እዚህ ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ እንዳይመስላችሁ። ሦስት ሰዓት የሚወስድ ምሳ ከሌላ ቦታ ነው የሚቆረጠው፤ ብዙ ሠራተኛ ከቢሮ የሚወጣው ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። የቤት ኪራይ ጣሪያ ነክቷል፤ ወጣቶች ከወላጅ ቤት የሚወጡት በአማካይ 30 ዓመት አካባቢ ሲሆናቸው ነው። የሚወለደው ልጅ ቁጥር በአውሮፓ ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ቢሮክራሲውን ደግሞ አታንሱብኝ። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1833፣ ላራ የተባለ የማድሪድ ጋዜጠኛ «ነገ ተመለሱ» የሚል መጣጥፍ ጽፎ መሥሪያ ቤቶቹን አሹፎባቸዋል፤ ዛሬም ስፔኖች ያነሡታል። የቅጹ ነገርም አለ። ስፔናዊ ሁሉ ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፤ አንዱ ከአባቱ፣ አንዱ ከእናቱ። ሴት ስታገባም እንደ እኛ ስሟን አትቀይርም፤ በዚህ እኮራባቸዋለሁ። ግን የእኔ ወረቀት ላይ ሁለተኛው ስም የአያቴ ስለሆነ፣ አያቴ በስፔን መዝገብ እናቴ ሆነው ቀርተዋል። ጤና ጣቢያ ደግሞ በአባቴ ስም ነው የምጠራው፤ ሐኪም ቤት እግሩን አንሥቶ የማያውቅ ሰው በየወሩ በስሙ ይጣራሉ።

ይህን ሁሉ ደምሬ ቀንሼ የሚተርፈኝ አንድ ነገር ነው። እኛ ሐበሾች ማኅበራዊ ሕዝብ ነን እንላለን፤ ነንም። ግን አብሮ መብላታችንን በደግ ልብ ላይ ብቻ ነው የተውነው። መንገዱ ሲዘጋ፣ ስብሰባው ሲረዝም፣ አባት ማታ 3 ሰዓት ሲገባ፣ ልጆች ከሠራተኛዋ ጋር በልተው ሲተኙ፣ ደግ ልባችን አለ፤ ምሳው ግን የለም። ቡናው በወረቀት ኩባያ መኪና ውስጥ አልቋል። ስፔኖች ከእኛ የበለጠ ስለሚዋደዱ አይመስለኝም። ሰዓት ስላላቸው ነው። ሱቁ ሲዘጋ፣ አለቃው ሲነሣ፣ ማንም ማንንም ለምኖ አይደለም ገበታ የሚቀርበው።

እማዬ 90 ቀኗ አልቆ አዲስ አበባ ስትመለስ ይህንን ትንታኔ አልነገርኳትም። እሷ ግን በገባች በሁለተኛው ሳምንት አዋጅ አወጣች። እሑድ 7 ሰዓት ምሳ እሷ ቤት ነው። የዘገየ ሞሰቡ ተከድኖ ያገኘዋል። ስልክ በር ላይ በተቀመጠ ትንሽ መሶብ ውስጥ ይገባል፤ የሚወጣው በረካ ከተጠጣ በኋላ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሊያማርርልኝ እሑድ ዕለት ደጋግሞ ደወለ፤ መሶቡ ውስጥ ያልገባ ሁለተኛ ስልክ ኖሮታል። አላነሣሁለትም። ያያ ቤት ምሳ ላይ ነበርኩ።